ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ ለምን ይከተላል?

ለወራት ሲነቃነቅ የቆየ ጥርስ ያለው አንድ ሰው ወደ ጥርስ ሐኪም ይሄዳል እንበል። ማደንዘዣ ይወጋል፤ ጥርሱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይነቀላል፤ ሰውየውም ጥጥ ነክሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሕመሙ ይጠፋል፤ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ድዱ ይገጥማል። "ተገላገልሁ" ብሎ ነገሩን ይረሳዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ በጎደለው ጥርስ ምትክ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዲተከልለት ሲጠይቅ ግን ሐኪሙ የራጅ ምስሉን ትክ ብሎ ካየ በኋላ፣ "የሚተከልበት በቂ አጥንት የለም" ይለዋል።

ይህን ታሪክ ያቀረብነው ለማስረጃ ያህል ነው፤ ይሁን እንጂ ለጥርስ ሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ሰውየው ያልተነገረው፣ ጥርሱ በተነቀለ ዕለት አጥንቱም መሄድ መጀመሩን ነው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንዲሉ፣ ጥያቄው የተነሣው አጥንቱ ካለቀ በኋላ ሆነ።

ለመሆኑ አጥንቱ የት ሄደ? ጥርሱ በሚነቀልበት ቀን ይህን ጥፋት ለመቀነስ ምን ማድረግ ይቻላል? ጥርሱ የተነቀለው በድድ በሽታ ምክንያት ከሆነስ ነገሩ እንዴት ይለወጣል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ጥርስ በምን ይቆማል?

ብዙ ሰው ጥርስ በእንጨት ላይ እንደተመታ ሚስማር በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የተቸነከረ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የጥርስ ሥርና በዙሪያው ያለው አጥንት በቀጥታ አይነካኩም። በመካከላቸው ስፋቱ 0.2 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ጠባብ ክፍተት አለ። ይህን ክፍተት የሚሞሉት እጅግ ቀጫጭን የሆኑ የኮላጅን ጅማቶች ናቸው። የእያንዳንዱ ጅማት አንድ ጫፍ በጥርሱ ሥር፣ ሌላው ጫፍ በአጥንቱ ውስጥ ተተክሏል። ስለዚህ ጥርስ በጉድጓዱ ውስጥ የቆመው በጠፍር አልጋ ላይ እንደተኛ ሰው በተወጠሩ ማሰሪያዎች ተንጠልጥሎ ነው። ቆሎ ስንቆረጥም የሚፈጠረው ኃይል ወደ አጥንቱ የሚደርሰው በነዚህ ጅማቶች በኩል ነው።

የጅማቶቹ ጫፎች የተተከሉበት፣ የጉድጓዱን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍን ስስ የአጥንት ንጣፍ አለ። የዘርፉ ሊቃውንት ባንድል ቦን ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የጅማት አጥንት እንለዋለን። የጅማት አጥንት የተፈጠረው ለጥርሱ ሲባል ነው፤ ጥርሱ ከሌለ የሚሠራው ሥራ የለውም። ጥርስን ያቀፈው የመንጋጋ ክፍል በሙሉ የሚያድገውም ከጥርሶች ጋር አብሮ ነው። ከተፈጥሮ ጥርስ ሳይበቅልላቸው በቀሩ ሰዎች ላይ፣ በዚያ ቦታ ያለው የመንጋጋ ጠርዝ ሳያድግ ይቀራል። ባጭሩ አጥንቱ የጥርሱ ጥገኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የጉድጓዱ ግድግዳዎች እኩል ውፍረት የላቸውም። በምላስ በኩል ያለው ግድግዳ ወፈር ያለ ሲሆን፣ በከንፈርና በጉንጭ በኩል ያለው ስስ ነው። በተለይ በላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች ላይ የውጭው ግድግዳ በአብዛኛው ሰው ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም። የዚህ ስስ ግድግዳ የላይኛው ጠርዝ በአመዛኙ የጅማት አጥንት ብቻ ነው። ይህ እውነታ ወደፊት ለምንመለከተው ነገር ሁሉ ቁልፍ ነው።

ሳያሳምም የሚበላ በሽታ

ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ1683 እ.ኤ.አ. ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር ራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ ተመልክቶ፣ በውስጡ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታትን ማየቱን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ዛሬ ያን ነጭ ነገር ፕላክ እንለዋለን። ፕላክ የምግብ ትርፍራፊ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መንደር ነው። በወቅቱ ካልተጠረገ የምራቅ ማዕድናት ያጠነክሩትና ታርታር ወደሚባል ድንጋይ መሰል ነገር ይለወጣል።

ፕላክ የድድ ብግነት እንደሚያመጣ በግልጽ የታየው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ሃራልድ ሎይና የሥራ ባልደረቦቹ በዴንማርክ 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ፤ ከነዚህም አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳቱን እንደገና ሲጀምሩ ደግሞ ሁሉም ዳኑ። ከዚህ ጥናት ሁለት ነገሮችን እንማራለን፤ አንደኛ፣ የድድ መቆጣት በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ሁለተኛ፣ በዚህ ደረጃ ላይ እያለ ሙሉ በሙሉ ሊመለስ ይችላል።

ችግሩ ብግነቱ ሳይታከም ሲቆይ ነው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ በሽታው ከድዱ አልፎ ወደ ጅማቶቹና ወደ አጥንቱ ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ፔሪዮዶንታይትስ ይባላል። ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና በመካከላቸው ኪስ ይፈጠራል። ጤነኛ ድድ በቀጭን መለኪያ ሲለካ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ያስገባል፤ በታመመው ላይ ግን ኪሱ 5፣ 7፣ ከዚያም በላይ ሚሊሜትር ሊጠልቅ ይችላል። አየር በማይደርስበት በዚህ ኪስ ውስጥ እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ያሉ ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል።

ይሁን እንጂ አጥንቱን የሚበሉት ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው አይደሉም። ሰውነታችን ወራሪውን ለመከላከል ሲል የሚያመነጫቸው ኬሚካላዊ መልእክቶች ኦስቲዮክላስት የሚባሉትን አጥንት በሊታ ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ። እነዚህ ሕዋሳት በጤናማ ሁኔታ ያረጀ አጥንት እያነሡ ለአዲስ አጥንት ቦታ የሚያመቻቹ ናቸው። ብግነቱ ሳያቋርጥ ሲቀሰቅሳቸው ግን የሚያፈርሱት ከሚገነባው ይበልጣል። ስለዚህ የድድ በሽታ ማለት ጠላት ሳይወጣ ለዓመታት የዘለቀ ጦርነት ሲሆን፣ የሚፈርሰውም የራሳችን ቤት ነው።

የበሽታው አስቸጋሪ ባሕርይ ብዙውን ጊዜ የማያሳምም መሆኑ ነው። ጥርስ ሲቦረሽ የሚታይ ደም፣ የአፍ ጠረን መለወጥ፣ የድድ መሸሽ፣ ጥርሶች እየተራራቁ መሄድ ምልክቶቹ ናቸው። የስኳር በሽታና ሲጋራ ማጨስ በሽታውን ያባብሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በከባድ የድድ በሽታ እንደተያዙ ገምቷል። ታዲያ ከነዚህ መካከል ጥርስ የሚያስነቅል ሰው ወደ ሐኪም የሚደርሰው አጥንቱ አስቀድሞ ተበልቶ ነው።

ከተነቀለ በኋላ

ጥርሱ እንደወጣ ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። ይህ የረጋ ደም የፈውሱ መሠረት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የደም ሥሮችና አዳዲስ ሕዋሳት ወደ ረጋው ደም እየገቡ ለስላሳ ሥጋማ ኅብረ ሕዋስ ይሠራሉ። ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ከግድግዳዎቹ በኩል ወደ መሐል አዲስ አጥንት መጋገር ይጀምራል። በሚቀጥሉት ወራት ጉድጓዱ ከውስጥ በአጥንት ይሞላል።

ላይ ላዩን ሲታይ ይህ መልካም ዜና ነው። ጉድጓዱ ከውስጥ እየሞላ ሳለ ግን ግድግዳዎቹ ከውጭ ይፈርሳሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የዴንማርክ ጥናት የኋላና የመካከለኛ ጥርሶቻቸውን ያስነቀሉ 46 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። የመንጋጋው ጠርዝ ስፋት በአማካይ ከ12 ሚሊሜትር ወደ 5.9 ሚሊሜትር ወረደ። ይህም ግማሽ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ከጠፋው ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነበር። በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ግምገማ ደግሞ፣ በ6 ወር ውስጥ ከስፋቱ ከ29 እስከ 63 በመቶ፣ ከቁመቱ ከ11 እስከ 22 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ያብራሩት ብራዚላዊው ማውሪሲዮ አራውዦና ስዊድናዊው ያን ሊንድሄ ናቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የውሾች ጥናት፣ ጥርስ ከተነቀለ ከ8 ሳምንት በኋላ የውጭው ግድግዳ ከውስጠኛው በ2 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጥርሱ ሲሄድ ጅማቶቹ ይሄዳሉ፤ ጅማቶቹ ሲሄዱ የጅማት አጥንት ሥራ ያጣል፤ ሥራ ያጣውን አጥንት ደግሞ ኦስቲዮክላስቶች ያነሡታል። የውስጠኛው ግድግዳ ከጅማት አጥንት በተጨማሪ ሌላ አጥንት ስላለው ይተርፋል፤ የውጭው ግድግዳ ጠርዝ ግን በአመዛኙ የጅማት አጥንት ብቻ ስለሆነ ይጠፋል። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ከንፈርና ጉንጭ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የታይታኒየም ብሎን ምን ይፈልጋል?

የአጥንቱ መጥፋት ይህን ያህል ያሳሰበው በዋነኛነት ኢምፕላንት በመምጣቱ ነው። ኢምፕላንት በጥርስ ሥር ምትክ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታይታኒየም የሚሠራ ብሎን ነው፤ በላዩ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይታሰርበታል።

የዚህ ሕክምና መነሻ ያልታሰበ አጋጣሚ ነበር። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1952 እ.ኤ.አ. በሉንድ ከተማ የደምን ዝውውር ለማጥናት በጥንቸል አጥንት ውስጥ የታይታኒየም መመልከቻ ተክሎ ነበር። ሥራው አልቆ መሣሪያውን ለማውጣት ሲሞክር ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልነቃነቅ አለው። ይህን የብረትና የአጥንት ውሕደት በኋላ ኦሲዮኢንተግሬሽን ብሎ ሰየመው። በ1965 እ.ኤ.አ. በዮተቦርግ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መንጋጋ ውስጥ ተከለ። የመጀመሪያው ታካሚ በ2006 እ.ኤ.አ. እስከሞተበት ጊዜ ድረስ፣ ማለትም ለ40 ዓመት ያህል በተተከሉለት ጥርሶች ተገልግሏል። የሚያስገርመው፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ ለምን እንደሚፈርስ ያብራራው ሊንድሄም በዚያው በዮተቦርግ ዩኒቨርሲቲ የሠራ ሳይንቲስት ነው። ተስፋውም ማስጠንቀቂያውም ከአንድ ከተማ ወጡ ማለት ይቻላል።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የአንድ መደበኛ ኢምፕላንት ውፍረት 4 ሚሊሜትር ያህል ነው። በውጭና በውስጥ በኩል ቢያንስ አንድ፣ ይልቁንም አንድ ተኩል ሚሊሜትር ያህል አጥንት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ስፋት ያስፈልጋል። በዴንማርኩ ጥናት ውስጥ ከአንድ ዓመት በኋላ የተገኘው አማካይ ስፋት ግን 5.9 ሚሊሜትር ነበር። በመግቢያችን የጠቀስነው ሰው "አጥንት የለህም" የተባለበት ምክንያት በነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ይታያል። እንዲህ ያለውን ጠርዝ መልሶ ለማስፋት ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ሌላ ወጪ፣ ሌላ የወራት ጥበቃ ያስፈልጋል።

ታዲያ ጥርሱ በተነቀለበት ዕለት ኢምፕላንቱን ወዲያው ብንተክልስ? ይህ የሚሠራበት ሁኔታ አለ። ሆኖም ኢምፕላንት ጅማት የለውም። ጅማት ከሌለ የጅማት አጥንት አይቆይም። በመሆኑም ወዲያው መትከል ብቻውን የውጭውን ግድግዳ ከመፍረስ እንደማያድን እነዚሁ ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

ጉድጓዱን ማቆየት

መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ጥርሱ በሚነቀልበት ዕለት ጉድጓዱን መንከባከብ ነው። አሠራሩ በጥቅሉ የሚከተለውን ይመስላል። በመጀመሪያ ጥርሱ ግድግዳዎቹ እንዳይሰበሩ በጥንቃቄ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ሥሮቹ ተለያይተው አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ከዚያ ጉድጓዱ በደንብ ይጸዳል። ቀጥሎ የአጥንት መሙያ ቅንጣቶች በመጠኑ ይሞሉበታል። በመጨረሻም አፉ በስስ የኮላጅን ሽፋን ወይም በሌላ መሸፈኛ ተከድኖ ይሰፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ከተጠበቀ በኋላ ኢምፕላንቱ ይተከላል።

የመሙያው ምንጭ የተለያየ ነው። ከራሱ ከታካሚው የተወሰደ አጥንት፣ ከሞቱ ለጋሾች ተወስዶ በልዩ ዘዴ የተዘጋጀ የሰው አጥንት፣ ፕሮቲኑ ወጥቶ ማዕድኑ ብቻ የቀረ የከብት አጥንት፣ ወይም በፋብሪካ የተሠራ የካልሲየም ውሕድ ሊሆን ይችላል። ከታካሚው በተቀዳና በመሣሪያ ተሽከርክሮ በተለየ የደም ክፍል ጉድጓዱን መሙላትም ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ተስፋፍቷል፤ ወጪው ዝቅተኛ ቢሆንም ስፋትን በመጠበቅ ረገድ ብቻውን የሚሰጠው ጥቅም ላይ የጥናቶቹ ውጤት ወጥ አይደለም።

እዚህ ላይ ለአገራችን አንባብያን አንድ ማሳሰቢያ እናክላለን። ገበያ ላይ ካሉት የኮላጅን ሽፋኖች ብዙዎቹ ከአሳማ የሚዘጋጁ ናቸው። ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ታካሚ በሃይማኖቱ ምክንያት ይህን ላይቀበል ይችላል። አማራጮች ስላሉ ታካሚው የመሙያውንና የሽፋኑን ምንጭ አስቀድሞ የመጠየቅ መብት አለው፤ ሐኪሙም የመንገር ግዴታ አለበት።

ውጤቱስ ምን ያህል ነው? በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው፣ እንክብካቤ የተደረገለት ጉድጓድ ዝም ብሎ ከተተወው ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 2 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያድናል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በ6ና በ8 ሚሊሜትር መካከል ያለው ልዩነት አንድ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ዘዴው የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለይቶ ማወቅ ይገባል። አራውዦና ሊንድሄ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ የውሾች ጥናት፣ በመሙያ በተሞላ ጉድጓድ ውስጥም የጅማት አጥንት እንደሚጠፋ ተመልክተዋል። መሙያው የሚያደርገው የአጥንቱን ሞት ማስቀረት ሳይሆን፣ የሟቹን ቦታ ይዞ አዲስ አጥንት እንዲገነባበት መሸጋገሪያ መሆን ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ግድግዳው ወፍራም በሆነበት ቦታ ወይም ኢምፕላንት በቅርቡ በሚተከልበት ጊዜ ደግሞ መሙያው ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል።

የድድ ሕመምተኛው ጉድጓድ ልዩ ነው

እስካሁን የተናገርነው በአብዛኛው ግድግዳዎቹ የቆሙለትን ጉድጓድ የሚመለከት ነው። በድድ በሽታ የተነቀለ ጥርስ የሚተወው ጉድጓድ ግን በብዙ መንገድ ይለያል።

አንደኛ፣ ግድግዳዎቹ ከመነቀሉ በፊት ፈርሰዋል። አንዳንድ ጊዜ የውጭው ግድግዳ ጨርሶ የለም። መሙያው ቅንጣት ነው፤ ግድግዳው የተናደ ጎተራ እህል እንደማይዝ ሁሉ፣ ግድግዳ የሌለው ጉድጓድም መሙያ አይዝም። ስለዚህ ሐኪሙ ሽፋኑን በፈረሰው በኩል እንደ ግድግዳ አድርጎ ማቆም አለበት። በዚህ ጊዜ ሥራው ያለውን ማቆየት መሆኑ ይቀርና የፈረሰውን መልሶ መገንባት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ጉድጓዱ ንጹሕ አይደለም። ብግነቱ የፈጠረው ለስላሳ ሥጋማ ኅብረ ሕዋስ በውስጡ ተሞልቷል። ይህ በሚገባ ተፍቆ ካልወጣ መሙያው በተበከለ ቦታ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ጉድጓድ በአጥንት የሚሞላውም ከጤነኛው በዘገየ ሁኔታ ነው። ሆኖም በሚገባ ከተጸዳ በኋላ እንክብካቤውን ማድረግ እንደሚቻል ያለፉት ዓመታት ልምድ አሳይቷል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ነው። ጥርሱ ይነቀላል እንጂ በሽታው አይነቀልም። ባክቴሪያዎቹ በቀሩት ጥርሶች ኪስ ውስጥ አሉ፤ ለብግነት የሚያጋልጠው የሰውየው ተፈጥሮና ልማድም አብሮት አለ። በኢምፕላንት ዙሪያ ያለው ድድ ደግሞ ከተፈጥሮ ጥርስ ይልቅ ለጥቃት የተጋለጠ ነው፤ ምክንያቱም የኮላጅን ጅማቶቹ ከኢምፕላንቱ ጎን ለጎን ያልፋሉ እንጂ እንደ ጥርስ በውስጡ አይተከሉም። በኢምፕላንት ዙሪያ የሚነሣው አጥንት በሊታ ብግነት ፔሪ ኢምፕላንታይትስ ይባላል።

በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የ10 ዓመት የስዊዘርላንድ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። በድድ በሽታ ጥርሳቸውን ካጡ ሰዎች ኢምፕላንቶች ውስጥ 90.5 በመቶ ከ10 ዓመት በኋላ በቦታቸው ነበሩ፤ በሌላ ምክንያት ጥርሳቸውን ካጡት ደግሞ 96.5 በመቶ። የፔሪ ኢምፕላንታይትስ ልዩነት ግን እጅግ የሰፋ ነበር፤ በመጀመሪያው ቡድን 28.6 በመቶ፣ በሁለተኛው 5.8 በመቶ። ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተካሄደ ቢሆንም፣ በሽታው ያለበት ሰው ለዳግም አደጋ የተጋለጠ መሆኑን ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶችም አረጋግጠዋል።

ከዚህ የምንደርስበት መደምደሚያ ግልጽ ነው። በድድ ሕመምተኛ ላይ የሥራው ቅደም ተከተል ከመሙያው ዓይነት ይበልጣል። በመጀመሪያ ታርታሩ ከድድ በላይና በታች ይጠረግ፤ ሲጋራ ይቁም፤ የስኳር መጠን ይስተካከል፤ ታካሚው ጥርሱን በሚገባ ማጽዳት ይልመድ፤ የኪሶቹ ጥልቀት እንደገና ይለካ። ኢምፕላንት የሚተከለው ከዚህ በኋላ ነው። ከተተከለም በኋላ በየጥቂት ወሩ ክትትል ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ውድ መሙያ መሙላት የሚያፈስ ጣሪያ ሳይጠግኑ ወለል እንደማንጠፍ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ጉድጓድ

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ጥርሱ በእርግጥ መነቀል አለበት ወይ? ጣልያናዊው ፒየርፓኦሎ ኮርተሊኒና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ተስፋ የሌላቸው ተብለው ከተፈረደባቸው ጥርሶች መካከል 25ቱን ከመንቀል ይልቅ የጠፋውን ድጋፍ መልሶ በሚያበቅል ቀዶ ሕክምና አከሙ። ከ5 ዓመት በኋላ 92 በመቶዎቹ በቦታቸው ነበሩ። ታካሚዎቹ በጥንቃቄ የተመረጡ፣ ክትትሉም ጥብቅ ስለነበር ውጤቱ በየትኛውም ክሊኒክ ይደገማል ማለት አይቻልም። ነገር ግን የሚነቃነቅ ጥርስ ሁሉ የሞት ፍርድ የተፈረደበት እንዳልሆነ ያስተምረናል። ጥርሱ በቦታው እስካለ ድረስ ጅማቱ አለ፤ ጅማቱ እስካለ ድረስ አጥንቱ አለ። ጥርሱን ያህል የጉድጓድ ጠባቂ እስካሁን ማንም አልሠራም።

መነቀሉ የማይቀር ከሆነ ደግሞ ታካሚው ከወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ሐኪሙን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። በዚህ ቦታ ወደፊት ምን ይተካል? የውጭው ግድግዳ አለ ወይስ ፈርሷል? ጉድጓዱን መንከባከብ ለእኔ ይጠቅመኛል? የሌሎቹ ጥርሶቼ ድድ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ለኢምፕላንት አቅም የሌለው ሰውም እነዚህን መጠየቁ ከንቱ አይደለም፤ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስም ቢሆን የሚቀመጠው በተረፈው የመንጋጋ ጠርዝ ላይ ነውና። አቅም በማይፈቅድበት ጊዜም ግድግዳውን ሳይሰብሩ በጥንቃቄ መንቀልና ጉድጓዱን በሚገባ ማጽዳት ከሐኪሙ ትዕግሥትን እንጂ ከታካሚው ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቁም።

ለአብዛኞቹ አንባብያችን ግን ይህ ሁሉ ገና ሩቅ ነው፤ ሩቅ ሆኖ እንዲቀርም ማድረግ ይቻላል። በ1978 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ታትሞ ነበር። የአጠቃቀም ትምህርት ተሰጥቶ በተደረገው በዚህ ጥናት፣ የአገራችን መፋቂያ ከጥርስ ላይ ፕላክን በማስወገድ ረገድ ከጥርስ ብሩሽ የማይተናነስ ሆኖ ተገኝቷል። ቁም ነገሩ መሣሪያው ሳይሆን ከድዱ ጠርዝና ከጥርሶቹ መካከል ሳያልፉ በየቀኑ ማጽዳቱ ነው። እነዚያ 12 ዴንማርካውያን ድዳቸው እስኪቆጣ ከሦስት ሳምንት በላይ አልፈጀባቸውም፤ የዳኑትም ማጽዳቱን እንደገና በመጀመር ብቻ ነው። ጠዋት ስንቦርሽ ወይም ስንፍቅ ደም ብናይ "ብሩሹ ወግቶኝ ነው" ብለን አንለፈው። የሳይቃጠል በቅጠል ጊዜው ያኔ ነው፤ ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ግን ከአጥንቱ ብዙው ሄዷል።